ፑሽ ስታርት መኪና ስትመርጡ፦ የትኛው መከላከያ የትኛውን ሌባ ያቆማል?

ፑሽ ስታርት፣ ማለትም ቁልፍ ሳይሰካ በበተን የሚነሳ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ስክሪኑና ስለ ወንበሩ ቆዳ ያወራችኋል። ስለ ቁልፉ ግን ትንፍሽ አይልም። ለንደን፣ ቶሮንቶ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ እሱ ነው። የብሪታንያ መንግሥት ባወጣው አሃዝ መሠረት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከሚፈጸመው የመኪና ስርቆት 40 በመቶው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የታገዘ ነው። ለንደን ላይ 60 በመቶ ይደርሳል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ኢንሹራንሶች በ2023 ብቻ ለተሰረቁ መኪኖች 1.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ከፍለዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አምራቾቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። መልስ ሰጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ቶሎ፣ አብዛኞቹ ዘግይተው። ነገሩን የሚያወሳስበው እያንዳንዱ መልስ የሚያቆመው የተለየ ሌባ መሆኑ ነው። ስለዚህ «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። «ይሄ መከላከያ የትኛውን ሌባ ነው የሚያቆመው?» ብትሉ ይሻላል።

ሌባው አንድ ዓይነት አይደለም

በጣም የታወቀው ሲግናል አሻጋሪው ነው። ቁልፍ ከኪስ ሳይወጣ የሚከፈት መኪና እጀታው ሲነካ በዝቅተኛ ሞገድ፣ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ «ቁልፌ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚሰማው አንድ ሁለት ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ቁልፉ ከሰማ ራቅ ብሎ በሚሄድ ሞገድ ይመልሳል። ሌቦቹ ታዲያ ሁለት ሆነው ሌሊት ይመጣሉ። አንዱ ቦርሳ ይዞ የቤታችሁን በር ተጠግቶ ይቆማል፤ ቦርሳው ውስጥ ያለው በሽቦ የተጠቀለለ አንቴና ነው። ሌላው መኪናው ዘንድ ሄዶ እጀታውን ይነካል። የመኪናው ጥያቄ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ተሻግሮ ኮሪደር ላይ የተሰቀለው ቁልፍ ዘንድ ይደርሳል። ቁልፉም «አለሁ» ይላል። በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሳል። መስታወት አይሰበርም፤ አላርም አይጮህም። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ቁልፉ ቢርቅም ሞተሩ አይጠፋም። መንገድ ላይ በድንገት ቢጠፋ አደጋ ነውና ሆን ተብሎ የተሠራው እንደዚያ ነው።

«ሲግናሉ ኢንክሪፕት የተደረገ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እውነቱን ነው፤ ግን አይጠቅማችሁም። ሌባው የታሸገውን ደብዳቤ አይከፍተውም። እንደታሸገ ያደርሰዋል።

ሁለተኛው ቁልፍ ሠሪው ነው። በሆነ መንገድ ውስጥ ይገባና ክሩስኮት ስር ካለው የምርመራ ሶኬት ላይ መሣሪያውን ይሰካል። ጋራዥ ስትሄዱ መካኒኩ ኮምፒውተሩን የሚሰካበት ሶኬት ማለት ነው። ከዚያ አዲስ ቁልፍ ለመኪናው ያስመዘግባል። የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ዘዴም አለ። የድሮ የጌም መጫወቻ የሚመስል ትንሽ መሣሪያ ራሱን እንደ ቁልፍ አድርጎ ከመኪናው ጋር ያወራል። ብሪታንያ ውስጥ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 እና ኪያ ኢቪ6 በዚህ ተሰርቀዋል።

ሦስተኛው ሽቦ ነካሹ ነው። ይሄኛው ቁልፋችሁ የት እንዳለ ግድ አይሰጠውም። በ2022 ለንደን ውስጥ የአንድ የመኪና ሳይበር ደኅንነት ባለሙያ ቶዮታ ራቭ4 ተሰረቀ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው የፊት መብራቱ አካባቢ ያለውን አካል ሲነቃቅል፣ ሽቦውን ሲነካካ ከርሟል። ሰውዬው መጀመሪያ ተራ ጥፋት መስሎት ነበር። በኋላ ከሙያ ጓደኛው ጋር ሆኖ ሲያጠናው፣ ሌቦቹ በመብራቱ ሽቦ በኩል ወደ መኪናው የውስጥ ኔትወርክ ገብተው «ቁልፉ ትክክል ነው» የሚል የሐሰት መልእክት እንደሚልኩ ደረሰበት። መሣሪያው ተራ ተንቀሳቃሽ ስፒከር እንዲመስል ተደርጎ ይሸጣል። ዘዴው ጃፓን ውስጥም በደንብ የታወቀ ነው፤ ላንድ ክሩዘር እዚያ የሌቦች ቀንደኛ ምርጫ ነው።

እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ ወደ አምራቾቹ መልስ እንሂድ።

የሚተኛ ቁልፍ

ቀላሉና ርካሹ መልስ ይሄ ነው። ቁልፉ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር ይገባል። ቁልፉ ሳይነቃነቅ ሲቆይ ይተኛል፤ ከተኛ ደግሞ ለማንም አይመልስም። ፎርድ በ2019 ፊየስታና ፎከስ ላይ ያመጣው ቁልፍ 40 ሰከንድ ሳይነቃነቅ ከቆየ ይተኛል። ቢኤምደብሊውና መርሴዲስም ተመሳሳይ ነገር አላቸው።

ቤት ጠረጴዛ ላይ ላለ ቁልፍ ጥሩ መከላከያ ነው። አብዛኛው የሲግናል ማሻገር ስርቆት የሚፈጸመውም ባለቤቱ ሲተኛ ነው። ግን ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖ ሱፐርማርኬት ስትዞሩ አይተኛም። ቁልፍ ሠሪውንና ሽቦ ነካሹንም አያቆምም።

የእናንተ ቁልፍ ይተኛ እንደሆነ ለማወቅ መመሪያ ደብተር ማገላበጥ አያስፈልግም። መኪናውን ቆልፉ። ቁልፉን ጣሪያው ላይ፣ በሾፌሩ በር በኩል አስቀምጡት። አምስት ደቂቃ ሳትነኩት ጠብቁ። ከዚያ ቁልፉን ሳትነኩ እጀታውን ያዙ። በሩ ከተከፈተ ቁልፋችሁ እንቅልፍ አያውቅም። ያገለገለ መኪና ስታዩ ሻጩ ፊት አድርጉት። አምስት ደቂቃ ነው፤ ማንም አይከፋም።

ርቀት የሚለካ ቁልፍ

ከሁሉም ጠንካራው የቴክኖሎጂ መልስ አልትራ ዋይድባንድ የሚባለው ነው። ባጭሩ ዩደብሊውቢ ይሉታል። አሮጌው ሲስተም የሚያየው ሲግናሉ መድረሱን ብቻ ነው። ዩደብሊውቢ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ይለካል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይጓዛል። ሌባው ሲግናሉን በፈለገው መሣሪያ ቢያሻግረው ጊዜውን ማሳጠር አይችልም። ቁልፉ 15 ሜትር ርቆ መኝታ ቤት ከሆነ መኪናው 15 ሜትር መሆኑን ያውቃል፤ አይከፍትም።

ጃጓር ላንድ ሮቨር ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ይሄን በማስገባት ቀዳሚ ነበር። ቮልስዋገን ጎልፍ 8 እና ወንድሞቹ፣ ቢኤምደብሊው አይኤክስን የመሳሰሉትም ተከተሉ። ግን አሁንም ብርቅ ነው። የጀርመኑ የአሽከርካሪዎች ማኅበር አዳክ ለዓመታት መኪኖችን በማሻገሪያ መሣሪያ ሲፈትን ቆይቷል። ከ700 በላይ ሞዴል ሞክሮ የተቋቋሙት ከአስሩ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ተከፍተዋል ወይም ተነስተዋል። ውድ መኪና መሆኑ ዋስትና አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማጭበርበሪያ የምትመስል ነገር አለች። ዩደብሊውቢ ቺፑ መኪናው ውስጥ መኖሩና በሩን ለመክፈት የሚወስነው እሱ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በ2024 ቻይናዊ ተመራማሪዎች አዲሱን ቴስላ ሞዴል 3 በማሻገሪያ ከፍተው አሳይተዋል። ቺፑ ነበረው። መኪናው ግን ለመክፈት የሚጠቀመው ብሉቱዙን ነበር። ስለዚህ ዲለሩን «ዩደብሊውቢ አለው?» ብቻ አትበሉት። «ቁልፉ ራሱ ላይ ነው ያለው ወይስ እንደ ቁልፍ በሚያገለግለው ስልክ ላይ ብቻ? ርቀቱን ካላረጋገጠ አይከፍትም?» ብላችሁ ጨምሩበት። ብዙ ጊዜ ሻጩ አያውቅም። ወደ ቴክኒሻኑ ይላካችሁ።

ሽቦ ነካሹን ዩደብሊውቢ አያቆመውም። እሱ ቁልፉን ጭራሽ አይጠይቅም።

ፒን፦ እኔ የምመርጠው

ዘመናዊ ነገር አይደለም። አራት ቁጥር ካላስገባችሁ መኪናው አይሄድም። በቃ። ቴስላ ይሄን በ2018 አመጣው፤ የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሞዴል ኤስን ቁልፍ በሰከንዶች ውስጥ መቅዳት እንደሚቻል ያሳዩት በዚያው ሰሞን ነው። ፒኑ ታዲያ ቁልፉ ቢቀዳም፣ ሲግናሉ ቢሻገርም፣ ቁልፉ ራሱ ከኪሳችሁ ቢሰረቅም ይሠራል። ከላይ ያለው የቻይናዎቹ ሙከራም ፒን ያበራ ባለቤትን መኪና መንዳት ላይ አያደርስም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ዶጅ የሠራው ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። ቻርጀርና ቻሌንጀር የሌባ ሲሳይ ሲሆኑ በ2021 ለጉልበተኞቹ ሞዴሎች ነፃ የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጣ። ኮዱን ካላስገባችሁ ሞተሩ በደቂቃ ከ675 ዙር በላይ አይሄድም፤ ጉልበቱም ከሦስት የፈረስ ጉልበት በታች ይሆናል። ከ700 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና የሣር ማጨጃ ያህል እንኳ አይጎትትም። በ2023 ደግሞ አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብን የሚዘጋ ማሻሻያ ጨመረ፤ ይሄኛው በቀጥታ ቁልፍ ሠሪው ላይ ያነጣጠረ ነው።

የፒን ጉዳቱ ስንፍና ነው። በየቀኑ አራት ቁጥር መንካት ይሰለቻል፤ ሰው ያጠፋዋል። ፋብሪካው ራሱ አብርቶ ስለማያስረክባችሁም ብዙ ባለቤት መኖሩን እንኳ አያውቅም። መኪናው ውስጥ የረሳችሁትን ላፕቶፕም አያድንም። መኪናው ግን ይቀራል።

ማጥፋት

ነፃ ነው። ማንም አያስተዋውቀውም። ብዙ መኪና ላይ ቁልፍ ሳያወጡ መክፈቱን ማጥፋት ይቻላል። መርሴዲስ ላይ የመቆለፊያውን በተን ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ «ባትሪ ቆጣቢ» የሚባል ነገር አለ። ሪሞቱ ላይ መቆለፊያውን ተጭናችሁ ይዛችሁ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ትጫናላችሁ። ትንሿ መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ካለች ቁልፉ ተኝቷል። ጠዋት አንዱን በተን ስትነኩ ይነቃል። ስሙ ባትሪ ቆጣቢ ስለሆነ ማንም ለሌባ መከላከያ ይሆናል ብሎ አያስብም። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ብታደርጉት ሲግናል አሻጋሪው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሲግናል የሚያፍን ቦርሳ የምትገዙ ከሆነም ሞክሩት። ቁልፉን ከትታችሁ መኪናው አጠገብ ሂዱና እጀታውን ያዙ። ርካሾቹ አንዳንዴ አያፍኑም፤ ጥሩዎቹም ሲታጠፉና ሲያረጁ ይቀደዳሉ። ትርፍ ቁልፉንም አትርሱ። ሰው አንዱን አፍኖ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሌባ የተሰጠው መልስ

እዚህ ላይ አምራቾቹ ደካማ ናቸው። የሚመልሱት ከተሰረቀ በኋላ ነው። ጃጓር ላንድ ሮቨር የለንደን ኢንሹራንሶች ሬንጅ ሮቨርን እስከ መሸሽ ሲደርሱ በ2023 የቀድሞ መኪኖችን ደኅንነት ለማሻሻል 10 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ከ2018 ወዲህ የተሠሩትን ወደ ዲለር አምጡና እናሻሽል አለ። ዘግይቷል፤ ግን ወጪውን ራሱ ቻለ። ሃዩንዳይ ብሪታንያ ውስጥ ለአዮኒክ 5 ያቀረበው ማሻሻያ ላይ ግን ባለቤቱን 49 ፓውንድ ጠየቀ። ገንዘቡ ብዙ ሆኖ አይደለም። የመኪናው ቁልፍ በመጫወቻ መሰል መሣሪያ ሲከፈት ሂሳቡን ገዢው መክፈሉ ነው የሚከነክነው።

ሽቦ ነካሹን በእውነት የሚያቆመው የመኪናው ውስጣዊ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ማንነታቸውን ሲያረጋግጡ ነው። ያ በአዲስ ዲዛይን እንጂ በማሻሻያ ብቻ አይመጣም። አውሮፓ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የሳይበር ደኅንነት ደንብ እንዲያሟላ አስገድዳለች። ደንቡ ቀልድ እንዳልሆነ የሚያሳየው የቤንዚኑ ፖርሽ ማካን ነው። ዲዛይኑ የቆየ ስለነበር ለደንቡ ማስተካከሉ አላዋጣ ብሎ ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ ወጣ። ለሽቦ ነካሹ የምታምኑትን መኪና ከፈለጋችሁ እንግዲህ ዲዛይኑ ራሱ አዲስ የሆነውን ምረጡ። ፊቱ ብቻ ታድሶ ከስር ያው የድሮው የሆነ መኪና ብዙ ነው።

«የድሮ ቁልፍ ይሻላል» ለምትሉ

አይ። አሜሪካ የሆነውን እዩ። ዘዴውን ቲክቶክ ላይ ያዩ ልጆች በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ሲያስነሷቸው የነበሩት ሃዩንዳይና ኪያዎች ፑሽ ስታርት አልነበሩም። ቁልፍ ተሰክቶ የሚዞርባቸው ነበሩ። ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም ትክክለኛውን ቁልፍ ካላወቀ ሞተር የማያስነሳው ሲስተም፣ አልነበራቸውም። በ2015 ሞዴሎች ከሌሎች አምራቾች መኪኖች 96 በመቶው ኢሞቢላይዘር ሲኖራቸው ከሃዩንዳይና ኪያ 26 በመቶው ብቻ ነበር ያላቸው። የእነሱው ፑሽ ስታርት ሞዴሎች ደግሞ ነበራቸው። ካናዳ ከ2007 ጀምሮ ስላስገደደች ይሄ ዓይነት ስርቆት እዚያ እንደ አሜሪካው አልሆነም።

በ2023 መጀመሪያ ኩባንያዎቹ ለ8.3 ሚሊዮን መኪኖች ነፃ ማሻሻያ አወጡ። ያሻሻሉት መኪኖች ስርቆት ካላሻሻሉት በግማሽ ያህል እንደቀነሰ የኢንሹራንስ ጥናት አሳይቷል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማሻሻያው የሚሠራው በሪሞት ስትቆልፉ ነው። በሩን ከውስጥ ተጭናችሁ ከወጣችሁ አልበራም።

እናንተ የትኛው ናችሁ?

አዲስ መኪና የምትገዙና ደጅ መንገድ ላይ የምታቆሙ ከሆነ፦ ዩደብሊውቢ ቁልፉ ላይ ያለው፣ ፒን ያለውና ዲዛይኑ አዲስ የሆነ። ሦስቱ አንድ ላይ ካልተገኙ ፒኑን አስቀድሙ።

ኡበር የምትነዱ ከሆነ ስሌቱ ይለያል። መኪናው የቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ኢንሹራንስ ከፍሎ እስኪጨርስ ያለው ጊዜ ያለ ገቢ ይሄዳል። ካምሪ፣ ሃይላንደር ወይም ራቭ4 ይዛችሁ ከሆነ ማታ ባትሪ ቆጣቢውን አብሩ፤ የመሪ መቆለፊያ ብረትም ግዙ። ብረቱ በመጋዝ ይቆረጣል፤ እውነት ነው። ግን ድምፅና ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጎረቤት ያለው ብረት የሌለበት መሪ ግን ያን አይፈልግም። ቶሮንቶ ያላችሁ፣ ሃይላንደር በ2023 የካናዳ ሌቦች አንደኛ ምርጫ እንደነበር አትርሱ። አንዳንድ ኢንሹራንሶች መከታተያ፣ ማለትም መኪናው የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ካልተገጠመ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ዋጋ ጠይቁ፤ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም።

መከታተያ ስርቆትን አያቆምም። ያገኛል። ዲሲ በ2023 ለነዋሪዎች በነፃ አድላለች። ሌቦች መኪናውን ጥቂት ቀን ሌላ ሰፈር አቁመው የሚከተላቸው ካለ ያያሉ። ያን ጊዜ ነው መከታተያው የሚጠቅመው። ከዚያ በኋላ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። በ2024 የካናዳ ፖሊስ ሞንትሪያል ወደብ ላይ በአንድ ዘመቻ 598 የተሰረቁ መኪኖች አግኝቷል። መኪናችሁ የት እንዳለ መከታተያው ካሳያችሁ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ለፖሊስ ስጡ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የለመዳችሁት የስፖኪዮ ሌባን ነው። ቢሆንም የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት ኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው ፑሽ ስታርት ናቸው። ቢዋይዲን የመሰሉት እንደ ቁልፍ የሚያገለግል ካርድም ይሰጣሉ። ካርዱ የሚሠራው በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ስለሆነ ለማሻገር በጣም ይከብዳል። መቆሚያችሁ የማያስተማምን ከሆነ ካርዱን ተጠቀሙ፤ ሪሞቱን ቤት አፍኑት።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ፣ የትም ሁኑ የት፣ ሁለቱንም ቁልፍ ተረከቡ። ከዚያ ዲለር ወይም የሚታመን ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ወስዳችሁ መኪናው ስንት ቁልፍ እንደሚያውቅ አስዩ። እጃችሁ ላይ ያለው ሁለት ሆኖ ኮምፒውተሩ ሦስት ካለ፣ ሁሉንም አስጠፍቶ ሁለቱን ብቻ እንደገና ማስመዝገብ ነው። ስም ከመዛወሩ በፊት ብታደርጉት ወጪውን ከሻጩ ጋር መደራደር ትችላላችሁ።